ወፍ ጠባቂውና አብራሪው

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ጉዳይ ባሕር ዳር ሰንብተን ሳለ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚኒባስ ተሳፍረን በመራዊ መንገድ ወደ መሸንቲ ሄድን። መሸንቲ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የሚጓዘው መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሳያስተውላት የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። እኛን ወደዚያ የወሰደን ገበያ ወይም ዘመድ ጥየቃ አልነበረም። በዚያ አቅጣጫ ባለው ሜዳ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ አይሮፕላን በሆዱ እንዳረፈ በተማሪነታችን ዘመን አንብበን ስለ ነበር፣ አገሩን በዓይናችን ለማየት ፈልገን ነው።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የዳጉሳውና የበቆሎው ማሳ ተዘርግቷል። በአንዱ ማሳ መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ ቆሞ፣ በላዩ ላይ ዕድሜው ከዐሥር ዓመት የማይበልጥ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይጮኻል። ወፍ ጠባቂ ነው። ሚኒባሱ ፈጥኖ ስላለፈ ልጁን ለአፍታ ብቻ አየነው። ነገር ግን የሄድንበትን ጉዳይ ካነበብነው ሁሉ ይልቅ ያስረዳን ያ ልጅ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ታሪኩን እንናገር። ቀኑ ሐሙስ፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር። አዲሱ ዓመት ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ስለ ሆነ፣ ዘመድ ጠይቆ የሚመለሰውም፣ ለሥራ የሚሄደውም በየመንገዱ የሚበዛበት ሰሞን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር አርፎ፣ በዚያን ዘመን የአገር ውስጥ በረራ መድረሻ ወደ ነበረችው ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። አይሮፕላኑ ሁለት ሞተር ያለው ቦይንግ 737 ሲሆን፣ 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 104 ሰዎች ተሳፍረውበታል። አሮጌ አይሮፕላን አልነበረም፤ ከፋብሪካ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም።

አይሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ፍጥነቱን ጨምሮ በመነሣት ላይ ሳለ የርግብ መንጋ ከፊቱ ብድግ አለ። እነዚህ ርግቦች ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። በዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላቸው፣ በክንፋቸው ላይ ነጫጭ ጠቃጠቆ የተበተነባቸው፣ በየገደሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ሲያንጎራጉሩ የምንሰማቸው ናቸው። አንዲቱ ርግብ ብትመዘን ከግማሽ ኪሎ ታንሳለች። በመጽሐፍ ለኖኅ የምሥራች ይዛ የተመለሰችውን ወፍ ማን ይፈራታል? ነገር ግን አይሮፕላኑ በዚያች ሰዓት በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ስለ ነበር፣ ርግቧ ቆማ ብትጠብቀው እንኳ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ትመታዋለች። ርግቦቹም ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ።

የጄት ሞተር አሠራር ለተማሪው አንባቢያችን እንግዳ ባይሆንም በአጭሩ ማስታወስ ይበጃል። ሞተሩ በፊቱ በኩል አየርን ይስባል። በውስጡ ተደርድረው የሚሽከረከሩ እንደ ቢላዋ የቀጠኑ ብዙ ምላሶች ያን አየር እየጨመቁ ወደ ኋላ ይገፉታል። የታመቀው አየር ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል፤ ትኩሱ ጋዝ በኋላ በኩል በኃይል ሲወጣ አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። እንግዲህ ወፍ ገብታ ከእነዚያ ምላሶች አንዱን ብታጣምመው ወይም ብትሰብረው፣ የአየሩ ጉዞ ይታወካል። አየሩ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ ወደ ፊት ሲመለስ እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ በሞተሩ ጅራት እሳት ይታያል፤ ውስጡም ከሚገባው በላይ ይግላል። የተሰበረው ምላስ ደግሞ ኋላው ያለውን እየሰበረ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ አብራሪው ምን ያድርግ? ለምን ወዲያው አላቆመውም የሚል አይጠፋም። እያንዳንዱ አይሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር አንድ የውሳኔ ፍጥነት አለው። ይህም ፍጥነት የአይሮፕላኑ ክብደት፣ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ የአየሩ ሙቀትና የቦታው ከፍታ ተመዝኖ ከጉዞው በፊት በስሌት የሚወሰን ነው። ከዚያ ፍጥነት በፊት ችግር ቢደርስ አብራሪው ፍሬን ይዞ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን መንደርደሪያው ሳይበቃው ያልቃልና፣ በአንድ ሞተርም ቢሆን መነሣት ግዴታው ነው። በባሕር ዳር ርግቦቹ የመጡት ይህ የውሳኔ ፍጥነት በተቃረበበት ሰዓት ነበር። በዚህ ላይ የባሕር ዳር አይሮፕላን ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ አየሩ ቀጭን ነው። በቀጭን አየር ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም ሸክሙን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በደጋ አገር መብረር ምን ጊዜም በቆላ ከመብረር ይከብዳል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ካፒቴኑ የኃይል መቆጣጠሪያውን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋው። የቆሰሉት ሞተሮችም እየተንኳኩ፣ እየተኮሱ ታዘዙለት፤ አይሮፕላኑም ተነሥቶ ጥቂት ከፍታ አገኘ። ወደ ጣቢያው ለመመለስ መዞር ጀመረ። ነገር ግን አይሮፕላኑ ከፍ ብሎ፣ ኃይሉ ጥቂት ሲቀነስ ሞተሮቹ ክፉኛ ይናወጡ ጀመር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንዱ ጠፋ፤ ሌላውም ተከተለው። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኑ ሞተር ያለው መኪና መሆኑ ቀርቶ በነፋስ የሚንሳፈፍ ዕቃ ሆነ። እንዲህ ያለው አይሮፕላን አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ያለ ሞተር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ያለው ግን ከጥቂት ኪሎ ሜትር አያልፍም። ጣቢያው ሊደረስበት አልቻለም።

አብራሪዎቹም ከጣቢያው ደቡብ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ፣ መሸንቲ በምትገኝበት አቅጣጫ ባለ ገላጣ አገር ላይ፣ ጎማ ሳያወጡ በሆዱ አሳረፉት። አይሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ መንገደኞች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ። ምርመራውም የሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የፈረሰው በገቡት ወፎች ምክንያት መሆኑን አረጋገጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ለአይሮፕላን ሁለት ሞተር የሚሠራለት አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲያድን ነው። መሐንዲሶች የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ብዙ ደክመዋል። ሁለቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ በየራሳቸው ብልሽት የሚቆሙበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ጠላት ለየብቻ ሲመጣ ነው። የወፍ መንጋ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይመታል። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አንዱ ቢሞትበት በሌላው ተዳብሎ ያርሳል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ሁለቱንም ይወስድበታል። ወፍን ከሌላው የአይሮፕላን አደጋ የሚለየው ይህ ነው።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ መስከረም 24 ቀን 1953 ዓ.ም. አራት ሞተር ያለው ሎክሂድ ኤሌክትራ አይሮፕላን ሲነሣ፣ አንዲቱ 80 ግራም እንኳ በማትሞላ ትናንሽ ወፎች መንጋ ተመትቶ ወደቀና ከ72 ሰዎች 62ቱ አለቁ። አሜሪካኖች ሞተር ወፍ ቢውጥ ምን ያህል መታገሥ እንዳለበት በደንብ መወሰን የጀመሩት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ዛሬ አዲስ ሞተር ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እየሠራ ሳለ ወፍ እየተተኰሰበት ይፈተናል። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ ከኒው ዮርክ የተነሣ ኤርባስ አይሮፕላን በዝዮች መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጥቶ፣ ካፒቴን ሰለንበርገር በሐድሰን ወንዝ ላይ ሲያሳርፈው 155ቱም ሰዎች ዳኑ። ለመሸንቲው ታሪክ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ነሐሴ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በሞስኮ አጠገብ የደረሰው ነው። 233 ሰዎች የያዘ አይሮፕላን እንደ ተነሣ የባሕር ወፎች ሁለቱንም ሞተሮቹን መቱበትና፣ አብራሪው ጎማ ሳያወጣ በበቆሎ ማሳ ላይ በሆዱ አሳረፈው። እሳት አልተነሣም፤ አንድም ሰው አልሞተም።

አንዱ በበቆሎ ማሳ ሁሉን አተረፈ፤ ሌላው በመሸንቲ በኩል ሠላሳ አምስት ሰው አጣ። ይህን ያየ ሰው «ዕጣ ፈንታ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይችላል። እኛም ዕድል የለም አንልም። ሆኖም ሁሉን ለዕድል መስጠት፣ ያን በማማ ላይ ያየነውን ልጅ ሥራ ፈት ማድረግ ነው።

እኛም በልጅነታችን ወፍ ጠብቀናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማማው ወርደን ከባልንጀሮቻችን ጋር በወንዝ ዳር ስንዋኝ ቆየን። ስንመለስ ወፉ የዳጉሳውን አንድ ጥግ ጨርሶታል። አባታችን ሲመጡ እንዳያዩብን፣ ባዶ ዛላ ላይ ለቀሩት ጥቂት ወፎች ወንጭፍ እያወናጨፍን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኽን። አባታችን ግን ዝም ብለው ማሳውን ዞረው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉን። «ልጄ፣ ወፍ ከበላች በኋላ ብትጮኽባት የበላችውን አትተፋልህም። ወፍ የሚጠበቀው ሳታርፍ ነው።» አልመቱንም፤ ቢመቱን ኖሮ እስከ ዛሬ ባላስታወስነው።

የአይሮፕላን ጣቢያም ነገር እንዲሁ ነው። አብራሪው ብልህ ቢሆን፣ ሞተሩ ጠንካራ ቢሆን፣ መንጋው ከመንደርደሪያው ላይ ከተነሣ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ወፏ ከበላች በኋላ መጮኽ ነው። ሕይወት ያድናል፤ ይመሰገናልም፤ ግን ዘግይቷል። ወፍ ከአይሮፕላን ጋር አብዛኛውን ጊዜ የምትጋጨው በሰማይ ከፍታ ላይ ሳይሆን በመነሻና በማረፊያ ጊዜ፣ ለመሬት ቅርብ ሆና ነው። ስለዚህም ጥበቃው የምድር ሥራ ነው።

ይኸውም እንዴት ነው? የጣቢያው ሣር እጅግ ካጠረ ትሉንና ፌንጣውን ያጋልጣል፤ ዘር እስኪያፈራ ከረዘመ ደግሞ ርግቧን ለምሳ ይጠራታል። ስለዚህ ቁመቱ ተለክቶ መታጨድ አለበት። ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ መደፈን፣ ቦዩ መጠረግ፣ የቤቶቹ ጣራ ጎጆ እንዳይሠራበት መዘጋት አለበት። አይሮፕላን ከመነሣቱ በፊት መንደርደሪያውን የሚቃኝ፣ መንጋ ሲያይ በተኩስ ድምፅ የሚያባርር፣ ላለው አደጋም ለአብራሪው የሚያስታውቅ ሰው ያስፈልጋል። የማማው ልጅ ወንጭፍና ጩኸት እዚህ በመኪናና በሬዲዮ ተተካ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን የጣቢያው ሠራተኛ ብቻውን የሚችለው አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአይሮፕላን ጣቢያ ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ድረስ ወፍ የሚስብ ነገር እንዲጠናና እንዲጠበቅ ይመክራል። ያ በሆዱ ያረፈው አይሮፕላን ከጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደ ነበረ ስናስብ፣ ቦታው በዚህ ክበብ ውስጥ እንደሚወድቅ እናያለን። በክበቡ ውስጥ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ የሚመርጠው አብራሪው አይደለም። ቄራ ወዴት ይሠራ፣ የእህል መጋዘን ወዴት ይቁም የሚለውን የሚወስነው መሐንዲሱ አይደለም። በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቀረበለትን ወረቀት አንብቦ የሚፈርም፣ ምናልባትም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሹም ነው። ጥንብ አንሳና አባ ኮዳ የከተማን ፕላን አንብበው አይመጡም፤ ሥጋና ቆሻሻ ወዳለበት ይመጣሉ። ያ ወጣት ሹም ይህን ሳያስብ ቢፈርም፣ ከማማው ወርዶ ለዋና የሄደው ልጅ ማለት እሱ ነው። የከፋው ደግሞ፣ የእኛ ጥፋት በዚያው ምሽት ታየ፤ የእሱ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ ማንም ስሙን ከአደጋው ጋር አያነሣውም።

እንዲህ ስንል ወፎቹ ይፈጁ ማለታችን አይደለም። የጣና ሐይቅ ዳርቻ የብዙ ወፎች አገር ነው። ይብራ ሳይቀር ብዙ ዓይነት ወፍ ክረምቱ ሲወጣ ከሩቅ አገር እየመጣ በሐይቁ ዙሪያ ይሰነብታል። አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደግሞስ መንጋን በጥይት መጨረስ ከቶ ይቻላል? ምግቡ ካለ የሞተውን የሚተካ ሌላ ይመጣል። ወፍ ጠባቂውም ወፍ ገዳይ አይደለም። ሥራው ወፏ ሌላ ቦታ እንድትበላ ማድረግ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳትና ስለ ግብርና የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት ወዴት እንደሚበር ቢመዘግቡ፣ ለመመረቂያ ከሚጻፈው ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ በሠሩ ነበር።

መንገደኛውስ? እሱም ድርሻ አለው። አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት አስተናጋጇ ቆማ ስለ ቀበቶውና ስለ መውጫው በሮች ስትናገር፣ ስንቶቻችን ጋዜጣ እንገልጣለን? በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ ሲቆሙ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ በባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ብዙዎች የሰመጡት መንሳፈፊያ ልብሳቸውን ገና አይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለ ነፉትና ውሃው ሲገባ ከጣራው ጋር ስላጣበቃቸው ነው። ከውጭ ይነፋል የሚለው ቃል በየበረራው የሚነገር ነበር። በአንጻሩ ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያርፍ ከሌላ አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አይሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ሻንጣቸውን ትተው፣ የተነገራቸውን ሰምተው ሁሉም ወጡ። መንገደኞች ከበሮቹ እኩሌታ ብቻ ቢከፈት በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት እንዲችሉ ሆኖ አይሮፕላን ይሠራል፤ ያ ስሌት ግን ሻንጣ ለማውረድ የሚባክነውን ጊዜ አልጨመረም።

ወደ መሸንቲ እንመለስ። ሜዳውን አየነው። እንደ ማናቸውም የጎጃም ሜዳ ነው፤ ታርሷል፣ ተዘርቷል፣ በጥግ በጥጉ ከብት ይግጥበታል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ማሳ ብቻ ነው። ለእነዚያ 69 ሰዎች ግን ይህ አገር ጠፍጣፋ መሆኑ ሕይወት ሆኗቸዋል፤ ለ35ቱ ቤተሰቦች ደግሞ መስከረም በገባ ቁጥር የሚታሰብ ስፍራ ነው። ቆመን ሳለ ጥቂት ርግቦች ከማሳው ብድግ ብለው በላያችን አለፉ። ክንፋቸው ላይ ያለው ነጭ ጠቃጠቆ በፀሐይ ይታያል። ውብ ናቸው። ምንም አላጠፉም፤ እህል ባለበት ተገኙ እንጂ።

ስንመለስ ያ ልጅ አሁንም ከማማው ላይ ነበር። ቀትር ሆኖ ፀሐይ ቢያቃጥለውም አልወረደም። ጓደኞቹ ከታች ሆነው ይጠሩታል፤ እሱ ግን ዓይኑን ከማሳው አልነቀለም። ከእሱ በላይ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር የተነሣ አይሮፕላን ድምፁን እያሰማ ወደ ደመናው ገባ። በውስጡ ያሉት ሰዎች ስለ ሣሩ ቁመትና ስለ ቆሻሻው ቦታ የሚያስቡ አይመስለንም፤ ማሰብም አይገባቸውም። ይህን እንዲያስብላቸው ደመወዝ የሚከፈለው ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው ነገ ከአንባቢዎቻችን አንዱ ሊሆን ይችላልና፣ ወረቀቱ ለፊርማ ሲቀርብለት የማማውን ልጅ ያስበው ዘንድ እንለምነዋለን።